የማዕድን ውል «የሕግ መረጋጋት ዋስትና» ምን ይከለክላል?

ይህ ዋስትና መንግሥት አዲስ ሕግ እንዳያወጣ የሚያግድ ይመስላል፤ አያግድም። ዋስትናው የሚለው፣ ሕጉ ቢሻሻልም እንኳ ቀድሞ ፈቃድ ያገኘው ባለሀብት ለተወሰኑ ዓመታት በነባሩ የግብር እና የሮያሊቲ (ከሚመረተው ማዕድን ለመንግሥት የሚከፈል ድርሻ) ምጣኔ ይስተናገዳል ነው። ከፍለጋ እስከ ምርት ከ10 ዓመት በላይ ሊፈጅ በሚችል ሥራ ላይ አብዛኛው ገንዘብ አስቀድሞ ስለሚፈስና፣ መንግሥት ቢለወጥ ደግሞ የማዕድን ጉድጓድ ተነቅሎ ወደ ሌላ አገር ስለማይወሰድ፣ አበዳሪዎች ይህን ዋስትና አጥብቀው ይጠይቃሉ።

ግራ መጋባቱ የሚጀምረው ዋስትናው የሰፈረበት ቦታ፣ ማለትም በሕግ ነው ወይስ በተፈረመ ውል የሚለው፣ ሲዘነጋ ነው። በዴሞክራቲክ ሪፐብሊክ ኮንጎ በ2002 እ.ኤ.አ. የወጣው የማዕድን ሕግ የ10 ዓመት ዋስትና ይሰጥ ነበር፤ የ2018ቱ ማሻሻያ ግን ዘመኑን ወደ 5 ዓመት ከማሳጠሩም በላይ በነባር ባለፈቃዶች ላይም ወዲያውኑ እንዲጸና ተደረገ። በ2018 መገባደጃ ኮባልት ስልታዊ ማዕድን ተብሎ ሲሰየም፣ በቀድሞው ሕግ 2 በመቶ የነበረው ሮያሊቲ 10 በመቶ ደረሰ። ኩባንያዎቹ ዋስትናችን ተጣሰ ብለው አጥብቀው ተቃወሙ፤ መቃወማቸውም አይገርምም። በአዋጅ ብቻ የተሰጠ ዋስትና በአዋጅ ሊነሣ ሲችል፣ በተፈረመ ውል ውስጥ ከዓለም አቀፍ የግልግል ዳኝነት ስምምነት ጋር የሰፈረው ግን መንግሥትን ለካሳ ጥያቄ ሊዳርገው ይችላል።