አስቀድሞ አበላው፤ ከዚያ በኋላ ጠየቀው

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ባለው ሳምንት፣ ጾምና ስግደት በሌለበት በበዓለ ኀምሳ፣ የምንሰበሰብበት ማኅበር ከደሴ ወደ ሐይቅ የማለዳ ጉዞ አዘጋጅቶ ነበር። ሐሳቡ የሐይቅ እስጢፋኖስን ገዳም ተሳልመን፣ በሐይቁ ዳር በአንድነት ቁርስ ቀምሰን፣ ቀትር ሳይሆን ወደየቤታችን እንድንመለስ ነበር። አውቶቡሱ ገና ሳይነጋ ከፒያሳ ተነሥቶ፣ በጢጣ በኩል አልፎ ቁልቁል ወደ ተሁለደሬ ሲወርድ የትንሣኤው መዝሙር ለአፍታ እንኳ አልተቋረጠም። በ13ኛው መቶ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዐ ደቀ መዛሙርትን እየተቀበሉ ያስተማሩበትን፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ሳይቀሩ በትምህርትና በምንኩስና ያደጉበትን ያን ቅዱስ ቦታ ተሳልመን ወደ ውኃው ዳር ስንወርድ፣ ዓሣ አስጋሪዎቹ ሌሊቱን በውኃ ያደረውን መረባቸውን ወደ ታንኳቸው እየሰበሰቡ፣ ቆሮሶውን አንድ በአንድ ከመረቡ እየፈቱ ነበር። እስከዚህ ድረስ ሁሉ ነገር መልካም ነበር።

ድፎ ዳቦው ተባርኮ ተቆረሰ። ከመካከላችን ከማኅበሩ ርቆ የቆየ፣ ስለ እርሱም በከተማው ብዙ የተወራበት አንድ ወጣት ነበር፤ በዚያ ማለዳ ማንም ሳይጠራው በራሱ ፈቃድ መጥቶ ከኋለኛው ወንበር ተቀምጦ ነበር። ድርሻው ደርሶት ዳቦውን በእጁ እንደያዘ፣ ከታላላቆቻችን አንዱ በሁሉም ፊት፣ «ለመሆኑ እስከ ዛሬ የት ነበርህ? ንስሐ ገብተሃል ወይስ እንዲሁ ለሽርሽር ነው የመጣኸው?» ብሎ ጠየቀው። ጥቂቶች ሣቁ፤ የቀሩት አንገታቸውን ደፉ። ወጣቱ ምንም አልመለሰም። ዳቦውን በቀስታ በመሶቡ ላይ መልሶ አኖረውና ወደ አውቶቡሱ ሄደ፤ እስክንመለስም ድረስ ከዚያ አልወረደም።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ይህን የምጽፈው የጠየቀውን ወንድም ለማሳፈር አይደለም፤ ስሙን የሚያውቅ እንዳይጠራው እለምናለሁ። የምጽፈው እንዲህ ያለው ነገር በየማኅበራችን፣ በየጽዋችን፣ በየሰንበቴያችን የተለመደ ስለ ሆነ ነው፤ ከዚህም በላይ ነገሩ የደረሰው በውኃ ዳር፣ በማለዳ፣ በትንሣኤው ሰሞን ስለ ሆነ ነው። ወንጌላዊው ዮሐንስ በ21ኛው ምዕራፍ ያስተማረንን እዚያው በምዕራፉ ሥዕል ውስጥ ቆመን ሳናስተውለው ቀረን።

ጌታ ከትንሣኤው በኋላ ለደቀ መዛሙርቱ የተገለጠበት የጥብርያዶስ ባሕር፣ ማለትም የገሊላ ባሕር ሲባል ብዙዎቻችን ዳርቻ የሌለው ውቅያኖስ በዓይነ ሕሊናችን ይታየናል። እርሱ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ 21 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ የሚረዝም፣ ውኃው የሚጠጣ፣ እንደ እኛው ሐይቅ በኮረብቶች የተከበበ ነው። በዳርቻውም ቅፍርናሆምን፣ ቤተ ሳይዳንና መግደላን የመሰሉ ትናንሽ የዓሣ አስጋሪ ከተሞች ነበሩ፤ በእነዚያ ሰው ሁሉ የጎረቤቱን ገመና ያውቅ ነበር። ጴጥሮስ ከቤተ ሳይዳ የተገኘ፣ በቅፍርናሆም ቤት የነበረው ሰው ነው። ስለዚህ ወደዚያ ዳርቻ የተመለሰው ወደሚያውቁት ሰዎች፣ ወሬም ፈጥኖ ወደሚደርስበት ቦታ ነው። በሊቀ ካህናቱ ግቢ ብርድ ሆኖ በፍም እሳት ዙሪያ ሲሞቁ፣ በአንዲት ገረድ ፊት «አላውቀውም» ያለው፣ ዶሮ ሲጮኽ ወጥቶ መራራ ልቅሶ ያለቀሰው ጴጥሮስ ነው።

ያ ጴጥሮስ «ዓሣ ላጠምድ እሄዳለሁ» አለ። አብረውት የነበሩት ስድስቱ ደቀ መዛሙርት ምን መለሱለት? «እኛም ከአንተ ጋር እንመጣለን» አሉት። ይህን አጭር ቃል ብዙ ጊዜ እያነበብን እናልፈዋለን፤ እኔ ግን ሰሞኑን ከዚህ ቃል መላቀቅ አልቻልኩም። በ1986 እ.ኤ.አ. ድርቅ የገሊላን ባሕር ውኃ ባሸሸው ጊዜ በዚያ ዘመን ይሠራበት የነበረ የአንደኛው መቶ ዘመን ጀልባ ከጭቃው ውስጥ ተገኝቶ ነበር፤ ርዝመቱ ከ8 ሜትር ጥቂት ያልፋል፣ ወርዱ ግን ከ2 ሜትር ብዙም አይበልጥም። እነዚያ ሰባቱም ይህን በመሰለ ታንኳ ሌሊቱን ሙሉ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው፣ አንድ መረብ እየጎተቱ አደሩ። ቶማስ በዚያ አለ፤ ናትናኤል በዚያ አለ፤ የዘብዴዎስ ልጆች በዚያ አሉ። ጌታው ሲያዝ የካደው ሰው በመካከላቸው ተቀምጧል። «አስቀድመህ ስለዚያች ሌሊት መልስ ስጠን፤ ያለዚያ ከአንተ ጋር በአንድ ታንኳ አንሳፈርም» ያለ አንድ ስንኳ አልተጻፈልንም። በእርግጥ እነርሱም ጌታቸውን ትተው ሸሽተው ነበርና ከእርሱ እንደማይሻሉ ያውቁ ነበር፤ ይህን ማወቃቸው ነው ከእኛ የለያቸው።

ሌሊቱን ሁሉ ደክመው ምንም አልያዙም። ሲነጋ ጌታ በዳርቻው ቆሞ ነበር። «ልጆች ሆይ፥ አንዳች የሚበላ አላችሁን?» አላቸው፤ «የለንም» አሉት። መረቡን በታንኳይቱ በስተ ቀኝ እንዲጥሉ አዘዛቸው፤ ጣሉትም፤ 153 ታላላቅ ዓሦች ሞላ፤ መረቡም አልተቀደደም። ይህ ተአምር ብዙ ትርጓሜ ያለው ነው፤ አባቶቻችንም አምልተውና አስፍተው አስተምረውበታል። እኔ ወደ ዳርቻው ልሻገር።

ወደ ምድር በወጡ ጊዜ ያገኙት ምን ነበር? ፍም፣ በፍሙም ላይ ዓሣ፣ እንጀራም። አስቡት፤ ሞትን ድል አድርጎ የተነሣው፣ ኪሩቤል የሚንቀጠቀጡለት ጌታ ገና ሳይነጋ እሳት አንድዶ፣ ዓሣ ጠብሶ፣ ቁርስ አሰናድቶ ይጠብቃቸዋል። ጴጥሮስ ጌታውን ከካደ በኋላ በፍም እሳት ዙሪያ ሲቀመጥ በወንጌል የምናገኘው በዚህ ነው። በመጀመሪያው ፍም ዙሪያ ሦስት ጊዜ ተጠየቀ፤ ሦስት ጊዜም ካደ። በዚህኛው ፍም ዙሪያም ሦስት ጊዜ ይጠየቃል። ነገር ግን ከጥያቄው በፊት፣ «ኑ፥ ምሳ ብሉ» ተብሎ ተጠርቷል፤ እንጀራውንም ዓሣውንም ከራሱ ከጌታ እጅ ተቀብሎ በልቷል። ወንጌላዊው ቅደም ተከተሉን በግልጽ ጽፎታል፤ ጌታ ስምዖን ጴጥሮስን «ትወደኛለህን?» ብሎ የጠየቀው ምሳ ከበሉ በኋላ ነው። ሌሊቱን በውኃ ላይ ያደረ፣ እርጥብ ልብስ የለበሰ፣ የተራበና ያፈረ ሰው በባዶ ሆዱ እንዲመረመር ጌታ አልወደደም። መጀመሪያ አሞቀው፤ አጠገበው፤ ከወንድሞቹም ጋር በአንድ ማዕድ አስቀመጠው።

እኛ ይህን ሥርዓት ገለበጥነው። እኛ ጋ ጥያቄው ይቀድማል፤ መልሱ ካማረን ማዕዱ ይከተላል፤ ካላማረን እንጀራው በእጁ ላይ ያለውን ሰው እንኳ እናስነሣዋለን። ይህን የምናደርገው እኛ የወሎ ሰዎች መሆናችን ደግሞ ልቤን ይበልጥ ያሳዝነዋል። በአገራችን ደጃፍ ላይ የቆመ እንግዳ ክርስቲያንም ይሁን እስላም፣ ከየት እንደመጣና ምን እንደሚፈልግ ሳይጠየቅ «ግቡ፣ አረፍ በሉ» ይባላል፤ ቡናው ይፈላል፤ እንጀራው ይቀርባል፤ ወሬው የሚጀመረው ከዚያ ወዲያ ነው። ለማናውቀው መንገደኛ የምናደርገውን፣ በአንድ የጥምቀት ውኃ ለተወለደ ወንድማችን እንዴት ከለከልነው? በቤታችን ያለው ትሕትና በማኅበራችን ለምን ይጠፋል?

«ታዲያ ንስሐ ይቅር ልትል ነው?» የሚሉኝ እንደሚኖሩ አውቃለሁ። ይቅር የሚል ካለ ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት ወጥቷል። ጌታ ጴጥሮስን ከመጠየቅ አልተወም፤ ሦስት ጊዜ ጠየቀው፤ በሦስተኛውም ጴጥሮስ እስኪያዝን ድረስ ጠየቀው። ቁስል ሳይነካ አይታጠብም። ነገር ግን የጠየቀው ማን እንደሆነና ምን ብሎ እንደጠየቀ አስተውሉ። የጠየቀው ስለ እርሱ የሞተው ነው። የጠየቀውም «ለምን ካድኸኝ?» ብሎ አይደለም፤ «የዮና ልጅ ስምዖን ሆይ፥ ትወደኛለህን?» ብሎ ነው። የጥያቄውም መጨረሻ «በጎቼን አሰማራ» ሆነ፤ ማለትም አደራ ተሰጠው። ንስሐ የሚቀበል የነፍስ አባት አለ፤ ሥልጣኑም ጊዜውም ቦታውም የእርሱ ነው። በዳቦ መሶብ ዙሪያ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ሣቅ እየተሰማ የሚደረግ ምርመራ ግን ንስሐ አያመጣም፤ ሰውን ወደ መጣበት ይመልሳል እንጂ።

አንድ ነገር ልጨምር። ጴጥሮስ በመጀመሪያ ጥሪው፣ ያ ብዙ ዓሣ በተያዘ ጊዜ፣ በጌታ ጉልበት ላይ ወድቆ «እኔ ኃጢአተኛ ነኝና ከእኔ ተለይ» ብሎ ነበር። ከትንሣኤው በኋላ ግን ኃጢአቱ ከዚያ ጊዜ ይልቅ ከብዶ ሳለ፣ «ጌታ እኮ ነው» የሚለውን ሲሰማ ልብሱን ታጥቆ ወደ ባሕሩ ዘለለ፤ ታንኳው እስኪደርስ መታገሥ አልቻለም። በኃጢአቱ ያፈረ ሰው ወደ ጌታ እየዋኘ ሲመጣ ማየት እንዴት ያለ ደስታ ነው! ያ ወጣትም ሳይጠራ የመጣው በእንዲህ ያለ ናፍቆት እንደሆነ ማን ያውቃል? ገና ሳይነጋ ተነሥቶ፣ እንደሚታይና እንደሚታማ እያወቀ፣ ከኋለኛው ወንበር ለመቀመጥ መምጣቱ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። እኛም ወደ ዳርቻው ሲደርስ በእሳቱና በእርሱ መካከል ቆምን።

የሚያስደንቀው፣ ጴጥሮስ ራሱ ይቅር ተብሎ አደራ ከተቀበለ በኋላ ዘወር አለና ዮሐንስን አይቶ «ጌታ ሆይ፥ ይህስ ሰው ምን ይሆናል?» ብሎ ጠየቀ። የሌላውን ሰው መጨረሻ ለማወቅ ያለን ጉጉት ከቅዱሳንም አልራቀም ማለት ነው። ጌታ የመለሰለት አጭር ነበር፤ «ምን አግዶህ? አንተ ተከተለኝ» አለው። የየማኅበሩ አስተባባሪዎች፣ የመዝሙርና የትምህርት ክፍል ኃላፊዎች፣ በዕድሜም በአገልግሎትም የቀደማችሁ አባቶችና እናቶች፣ ስለ ጌታ ፍቅር እለምናችኋለሁ፤ በሚመጣው እሑድ ርቆ የቆየ ሰው ቢመጣ ከአጠገባችሁ አስቀምጡት፤ ድርሻውንም ከእናንተ ድርሻ አስቀድሙለት። የጠፋበትን ዘመን አትቁጠሩበት። የሚናገረው ነገር ካለው ራሱ ሲፈልግ ይናገረዋል፤ ወደ ነፍስ አባትም የሚያደርሰው ወዳጅ ከፈለገ አብራችሁት ሂዱ።

አንተም ወንድሜ፣ ይህን ካነበብኸው፦ ከማኅበሩ የሰማኸውን ቃል ከጌታ እንደሰማኸው አትቁጠረው። ጌታ የተናገረው ቃል «ና፥ ብላ» የሚል ነው። የነፍስ አባትህ በር እንደ ትናንቱ ነው፤ ቅዳሴውም እንደ ሁልጊዜው በማለዳ ይገባል። እኔ በሰሜኑ በር በኩል እቆማለሁ፤ ብትመጣ ከእኔ ጋር ቁም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።