ቀለል ያለ ሆም ስክሪን፦ አመጣጡ እና አሠራሩ

ሆም ስክሪን ስልክ ሲከፈት መጀመሪያ የሚታየው ገጽ ነው። አንዳንድ ሰው እዚህ ገጽ ላይ በየቀኑ የሚያስፈልገውን ጥቂት ነገር ብቻ ያስቀርና ሌላውን ከዓይኑ ያርቃል። አፖቹ ከስልኩ አይጠፉም፤ ፈልጎ ለሚከፍታቸው እዚያው አሉ። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ምልክቶች በረድፍ የተደረደሩበትን ገጽ አብዛኛው ሰው የለመደው ከአይፎን ነው። ስቲቭ ጆብስ በ2007 ያስተዋወቀው የመጀመሪያው አይፎን ለዓይን ቀላል ነበር። መደቡ ጥቁር ነው፤ ከታች ስልክ፣ ሜይል፣ ሳፋሪ እና አይፖድ ተቀምጠዋል። በ2008 አፕ ስቶር ወደ 500 በሚጠጉ አፖች ሲከፈት ግን ገጹ መሙላት ጀመረ። ብዙ አፖችን በአንድ ምልክት ሥር የሚሰበስበው ፎልደር የመጣው በ2010 ነው።

የመጀመሪያው የአንድሮይድ ስልክም በ2008 መጨረሻ ገበያ ላይ ዋለ። አካሄዱ ከጅምሩ ሌላ ነበር። አፖች ሁሉ የሚገቡበት እንደ መሳቢያ ያለ ቦታ ስላለው፣ ሆም ስክሪኑ ላይ ምን እንደሚወጣ የሚወስነው የስልኩ ባለቤት ነው። ከፈለገ ባዶ ያደርገዋል። አይፎን ተመሳሳዩን አፕ ላይብረሪ ያመጣው በ2020 አይኦኤስ 14 ከተባለው የስልኩ ሶፍትዌር ጋር ነው። ምልክቶችን በፈለጉት ቦታ አስቀምጦ መሃሉን ክፍት መተው የተቻለው ደግሞ በ2024 ነው። የዚህ ልማድ ቤቱ አንድሮይድ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ዋናው ምክንያት ላውንቸር ነው። በአንድሮይድ ላይ ሆም ስክሪኑ ራሱ አንድ አፕ ነው፤ ላውንቸር የሚባለውም እሱ ነው። ሌላ ላውንቸር አውርዶ፣ ሴቲንግ ገብቶ እሱን ዋና ማድረግ ብቻ ነው። ካልተመቸ በዚያው መንገድ ወደ ድሮው ይመለሳል። ናያጋራ ላውንቸር የሚወዷቸውን አፖች ወደ ታች ይዘረዝርና የቀሩት ከጎን ባሉ ፊደላት እንዲፈለጉ ያደርጋል። ኪስ ላውንቸር ከመፈለጊያ ሳጥን ይነሳል። ኦላውንቸር ከሁሉም የተራቆተው ነው፤ ሰዓት፣ ቀን እና ቢበዛ የስምንት አፖች ስም። ምልክት የለም፣ ቀለም የለም። ኪስ እና ኦላውንቸር ኮዳቸው ለሁሉም ክፍት ነው፤ ይህም ሊመሰገን የሚገባው ሥራ ነው።

ስልክ ላይ የሚጠፋውን ጊዜ የሚያሳዩ መሣሪያዎችም መጡ፤ በ2018 ጎግል ዲጂታል ዌልቢይንግን፣ አፕል ደግሞ ስክሪን ታይምን አወጡ።

ስለ ቀለም ሁለት ነገር ይባላል። አንደኛው ጥቁር ዋልፔፐር ባትሪ ይቆጥባል የሚል ነው። ኦሌድ ስክሪን ባለው ስልክ ላይ እውነት ነው፤ ጥቁር የሆነው ነጥብ ጭራሽ አይበራም። ኤልሲዲ ላይ ግን ከጀርባ ያለው መብራት ሁሌም ስለሚበራ ለውጥ የለውም። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ለሚኖር ሰው ስልኩ የትኛው እንደሆነ ማወቅ ይጠቅማል። ሁለተኛው ስክሪኑን ወደ ግራጫ መቀየር ነው። የቀድሞው የጎግል ባልደረባ ትሪስታን ሃሪስ ካስተዋወቀው በኋላ ብዙ ሰው ሞክሮታል። ስልክ ላይ የሚጠፋውን ጊዜ እንደሚቀንስ ያሳየ ጥናት አለ፤ ውጤቱ ለሁሉም ሰው አንድ ነው ማለት ግን ምናልባት ይከብዳል።

ኦላውንቸር የአፕ ስም መቀየር ስለሚፈቅድ ገጹን ሙሉ በሙሉ በአማርኛ ማድረግ ይቻላል። ደውል፣ መልእክት፣ ባንክ፣ ካርታ ብሎ መጻፍ ነው። ፊደላችን ያለ ምንም ምልክት በጥቁር መደብ ላይ ሲነበብ በእውነት ያምራል። የሚያስቸግረው ቀኑ ነው። ስልኩ የሚያሳየው የፈረንጆቹን ነው፤ ሰዓቱም 1፡00 ሲል እኛ ሰባት ሰዓት እንላለን። ስለዚህ ብዙ ሰው ሌላውን ሁሉ አጽድቶም የኢትዮጵያ ቀን መቁጠሪያ ዊጀቱን፣ ማለትም ቀኑን ገጹ ላይ የሚያሳየውን ትንሽ ሳጥን፣ አይነካም። ኦላውንቸር ዊጀት ስለማያስቀምጥ፣ ያንን የሚፈልግ ሰው ዊጀት የሚቀበል ላውንቸር ይመርጣል። ዊጀቱን ከላይ ያደርገዋል፤ ከታች አውራ ጣት በሚደርስበት ቦታ ሦስት አራት አፖች ይደረድራል፤ መሃሉን ባዶ ይተወዋል።