‹‹ተመዝግቤ ነበር እኮ፣ ፋይሉ ግን አልመጣም››

ይህችን ዓረፍተ ነገር ሰልችቶኛል። ከቴሌቪዥኑ ጀርባ በተቀመጠች ራስበሪ ፓይ በምትባል ትንሽ ኮምፒውተር ላይ ትንሽ የፊዶኔት ጣቢያ አለችኝ። ለጥቂት ጣቢያዎች ፋይል የማቀብለው ከእሷ ነው። ስለዚህ ፋይል የቀረበት ሁሉ ወቀሳውን ይዞ እኔ ጋ ይመጣል። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ያለው ራሱ ጠያቂው ቤት ነው።

ለማያውቅ ሰው በአጭሩ ልንገር። ፊዶኔት እ.ኤ.አ. በ1984 ቶም ጄኒንግስ አሜሪካ ውስጥ የጀመረው የቢቢኤሶች መረብ ነው። ቢቢኤስ ሰው በሞደም ደውሎ የሚገባበት፣ መልእክትና ፋይል የሚለዋወጥበት ኮምፒውተር ነበር። ጣቢያዎቹ ሌሊት፣ የስልክ ሒሳብ ሲረክስ፣ እርስ በርስ እየተደዋወሉ ያላቸውን ይቀባበሉ ነበር። ዛሬ አብዛኛው በኢንተርኔት ሆኗል። ፋይል ኤኮ የምንለው ደግሞ አንድ ቦታ የተለቀቀ ፋይል ከጣቢያ ጣቢያ እየተሻገረ ለተመዘገበ ሁሉ የሚደርስበት መንገድ ነው። ፋይሉን መጀመሪያ የለቀቀውን ሰው ‹ሃች አደረገ› ይሉታል፤ እንቁላል ፈለፈለ እንደማለት። ፋይሎቹ በየዓይነታቸው በክፍል የተከፈሉ ናቸው፤ የፈለጋችሁትን ክፍል የምትመዘገቡት ፋይሉን የሚያቀብላችሁ ጣቢያ ጋ ነው። እሱን አፕሊንክ እንለዋለን። አሁን ሰው የሚለኝን ሁሉ አንድ በአንድ ልመልስ።

‹‹ፊዶኔት እኮ ድሮ ሞቷል።›› አልሞተም። ቀጥኗል።

‹‹ለሀበሻ ምኑ ነው?›› ኢንተርኔት ኢትዮጵያ የገባው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። ከዚያ በፊት አዲስ አበባ፣ የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ውስጥ የነበረው ፓዲስ የተባለ የመረጃ ሥርዓት በፊዶኔት ቴክኖሎጂ ኢሜይል ያመላልስ ነበር። በስልክ መስመር ለንደን ካለው ግሪንኔት ከተባለ የኢሜይል አገልግሎት ሰጪ ጋር ይገናኛል፣ ደብዳቤው ከዚያ ወደ ዓለም ይበተናል። እና ባዕድ ነገር አይደለም።

‹‹ፋይልፊክስ ሰው ነው።›› አፕሊንኩ ጋ ምዝገባ የሚቀበል ፕሮግራም ነው! አንዱ ወዳጄ ለፋይልፊክስ ‹‹ጤና ይስጥልኝ፣ እባክዎ ቢቻል የኖድሊስቱን (የጣቢያዎቹን ማውጫ) ክፍል ቢያስጀምሩልኝ›› የሚል ትሕትና የሞላበት መልእክት ጻፈ፣ በእንግሊዝኛ። ሮቦቱ መስመር በመስመር አንብቦ አንዱንም ትእዛዝ እንዳላወቀ መለሰለት። ልጁ ተቀየመ። የሚፈለገው ሌላ ነው። ተቀባዩ ፋይልፊክስ፣ ርዕሱ ላይ ፓስወርዳችሁ፣ ውስጡ የመደመር ምልክትና የክፍሉ ስም፤ በቃ። ለመውጣት የመቀነስ ምልክት። ሰላምታውን ለእኔ አስቀሩልኝ።

‹‹ያቺ ቲክ የምትባል ፋይል ቆሻሻ ናት።››

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ መጣሁ። እያንዳንዱ ፋይል ሲመጣ አንዲት ትንሽ የጽሑፍ ፋይል አብራው ትመጣለች። ስሟ በቲክ ያልቃል። ብዙ ሰው መቀበያ ፎልደሩን ከፍቶ ያያትና ‹‹ይህች ደግሞ ምንድን ናት?›› ብሎ ይሰርዛታል። ከዚያ ‹‹ፋይሉ የት ገባ?›› ብሎ እኔን ይጠይቃል።

በአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሹፌር ዕቃ ልካችሁ ታውቃላችሁ? ዕቃው ላይ ወረቀት ትለጠፋለች፤ ከማን፣ ለማን፣ የት እንደሚወርድ። ቲኳ ያቺ ወረቀት ናት። ፋይሉ የየትኛው ክፍል እንደሆነ፣ መጠኑን፣ ከየት ተነስቶ በየት በየት እንዳለፈ፣ የትኞቹ ጣቢያዎች እንዳዩት፣ የትኛውን አሮጌ ፋይል እንደሚተካ ትናገራለች። ፋይሉ መንገድ ላይ አለመበላሸቱ የሚታወቅበት የሲአርሲ ቁጥር አለባት። በእናንተና በአፕሊንካችሁ መካከል የተስማማችሁበት ፓስወርድም አለባት። ወረቀቱን ቀድዳችሁ ስትጥሉ ዕቃው የማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ፋይሉ መቀበያው ውስጥ ተጋድሞ ይቀራል።

አንድ ደንበኛዬ (ደንበኛ ልበለው እንጂ አምስት ሳንቲም አልከፈለኝም) ሦስት ሳምንት ሙሉ ‹‹አንድም ፋይል አልደረሰኝም›› ሲል ከረመ። የእኔ መዝገብ ደግሞ ሁሉንም ተረክቧል ይላል። በመጨረሻ ማሽኑን በርቀት ገብቼ አየሁት። መቀበያ ፎልደሩ በፋይል ጢም ብሏል። ቲክ ግን አንድም የለም። ለካ ‹‹ለንጽሕና›› ብሎ በየሌሊቱ ትንንሽ ፋይሎችን የሚጠርግ ስክሪፕት ጽፏል። ንጽሕናው ገደለን።

ቲኳ ባትሰረዝም ነገሩ አላለቀም። ምዝገባ የአፕሊንኩን ግማሽ ነው የሚያስተካክለው። የእናንተን ግማሽ የምትሠሩት እናንተ ናችሁ። ቲኳን አንብቦ ፋይሉን ወደ ቦታው የሚያስገባ ፕሮግራም መሥራት አለበት። ክፍሉ በእናንተም ማሽን ላይ መከፈት አለበት። ፓስወርዱ አንድ መሆን አለበት። ሊኑክስ ላይ ከሆናችሁ ደግሞ የፋይሉ ስም ቲኳ ላይ በትልልቅ ፊደል ተጽፎ ፋይሉ ራሱ በትንንሽ ከመጣ፣ አንዳንዱ ፕሮግራም አላየሁም ብሎ ይገግማል። ስለዚህ እኔን ከመጠየቃችሁ በፊት የፕሮግራማችሁን ሎግ፣ የሠራውን የሚመዘግብበትን ፋይል፣ አንብቡ። ሎግ ማንበብ አያሳፍርም።

‹‹አፕሊንኩ ራሱ ይልክልኛል።›› ማሽናችሁ ከውጭ የሚደረስ ከሆነ አዎ። በቤት ራውተር ጀርባ ተደብቃችሁ ጣቢያዎቹ የሚገናኙበትን 24554 ቁጥር ፖርት ሳትከፍቱ ግን ማን አግኝቷችሁ ይላክላችሁ? ፋይሉ እኔ ጋ ቁጭ ብሎ ይጠብቃችኋል። መጥታችሁ ውሰዱ። በየሰዓቱ ወደ አፕሊንኩ የሚደውል አንድ መስመር ክሮን (ፕሮግራም በሰዓቱ የሚያስነሳው) ውስጥ ማስገባት አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

‹‹ስመዘገብ የድሮዎቹም ይመጣሉ።›› አይመጡም። ከተመዘገባችሁበት በኋላ የሚለቀቀው ነው የሚደርሳችሁ። የድሮውን ለብቻ ጠይቁ።

‹‹ኖድዲፍ ካለኝ ኖድሊስት ምን ያደርግልኛል?›› ይህ ደግሞ ከቲኩ ቀጥሎ የሚያናድደኝ ነው። ኖድሊስት የጣቢያዎቹ ሁሉ የስልክ ማውጫ ነው ብላችሁ ያዙት። እንደ ልማዱ በየሳምንቱ ዓርብ ይወጣል። ከስሙ በኋላ የሚመጣው ቁጥር በፈረንጆቹ አቆጣጠር የዓመቱን ስንተኛ ቀን እንደሆነ ይነግራል፤ 145 ካለ መቶ አርባ አምስተኛው ቀን። ኖድዲፍ ደግሞ ካለፈው ሳምንት የተለወጠውን ብቻ የያዘ ትንሽ ፋይል ነው። በሞደም ዘመን፣ ለእያንዳንዱ ደቂቃ ስልክ ሲከፈል፣ ትልቅ ቁጠባ ነበር። ችግሩ ኖድዲፍ የሚገጥመው ባለፈው ሳምንት ዝርዝር ላይ ብቻ መሆኑ ነው። አንድ ሳምንት ካመለጣችሁ ሰንሰለቱ ይበጠሳል፣ የሚቀጥለውም አይገጥምም። ያኔ ሙሉውን ኖድሊስት አምጥቶ እንደገና መጀመር ነው። የዛሬ ኢንተርኔት ላይ ሙሉው ፋይል ምንም አይደለም፤ ሁለቱንም ክፍሎች ተመዝገቡና ተገላገሉ።

‹‹ሁሉንም ክፍል ልመዝገብ፣ ምን ይጎዳል?›› ዲስካችሁን። መጀመሪያ ዝርዝሩን ከፋይልፊክስ አስመጡ፣ ሦስት አራት ምረጡ፣ ወር ያህል እዩት።

‹‹ለማቆም ማሽኑን ማጥፋት ይበቃል።›› ለእናንተ ይበቃል። እኔ ጋ ግን ፋይላችሁ ይከመራል። አንዱ ሳይሰናበት ስምንት ወር ጠፋ። ስልክ አያነሳም፣ መልእክት አይመልስም። የእሱ ፋይል ሚሞሪ ካርዴን ሞልቶ የሌሎቹን ማስተላለፍ ሲያቅተኝ ጠርጌ አጠፋሁት። ሳምንት ሳይሞላ መጣ።