«ዘይት መጣ ወይ?» እያላችሁ ለምትጠይቁኝ

በሰፈራችን ሸማቾች ማኅበር ቁጥጥር ኮሚቴ ውስጥ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። በነዚህ ዓመታት «ሒሳቡ እንዴት ነው?» ያለኝ ሰው በጣት ይቆጠራል። «ዘይት መጣ ወይ?» ያላለኝ ግን የለም። ለቅሶ ቤት፣ ድንኳን ውስጥ፣ ንፍሮ እየቆረጠምኩ ሳይቀር ተጠይቄያለሁ።

ጥያቄው አይከፋኝም። የሚያናድደኝ ከጀርባው ያለው እምነት ነው። ሸማች የመንግሥት ሱቅ ነው ይባላል። አይደለም! ነገሩ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። በደርግ ጊዜ ከቀበሌ ሱቅ ተሰልፎ ስኳር የወሰደ ሰው፣ ዛሬ የሸማች ወረፋ አይቶ «ያው ነው» ቢል አይፈረድበትም። ድጎማ ያለበት ዘይትና ስኳርም በእኛ በኩል ሲታደል ኖሯል። ግን ማደል ሌላ፣ ባለቤትነት ሌላ። በኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 ማኅበሩ የአባላቱ ነው። መደርደሪያው ላይ ያለው ዕቃ የሚገዛው አባላት ዕጣ፣ ማለትም የማኅበሩን ድርሻ፣ ገዝተው ባዋጡት ብር ነው። ሲከስርም የሚከስረው የናንተ ብር እንጂ የወረዳው አይደለም።

አንድ እሁድ ጠቅላላ ጉባኤ ጠራን። አጀንዳው የኦዲት ሪፖርት ነበር፤ ጉድለት ተገኝቷል። የፕላስቲክ ወንበር ደርድረን ከሦስት ሰዓት እስከ አምስት ተኩል ጠበቅን። ምልዓተ ጉባኤ አልሞላም። በሳምንቱ ስኳር ገባ ተባለ። ገና ሳይነጋ ወረፋው ከሱቁ በር ተነስቶ ወፍጮ ቤቱ ጋ ደረሰ። ከተሰለፉት አንዲት እናት ጠሩኝና «ልጄ፣ ብራችንን በሉት አሉ፣ እውነት ነው?» አሉኝ። «እሁድ የት ነበሩ እትዬ?» ልል አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት።

«ብዙ ዕጣ ያለው ብዙ ድምፅ አለው» የምትሉ፦ የለውም። አንድ አባል፣ አንድ ድምፅ።

«እድር የመራ ሰው ሸማች አይከብደውም» የምትሉ፦ የእድር ድስት አይነቅዝም። ዱቄት ይነቅዛል።

«ሸማች ሁሌም ከገበያ በታች መሸጥ አለበት» የሚለውን ደግሞ ኮሚቴዎችም ያምኑታል። ከዚያ ይከስራሉ። በ1844 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር፣ ሮችዴል ላይ 28 ሰዎች እንደ እኛው ብር አዋጥተው የማኅበር ሱቅ ከፈቱ። ሲጀምሩ የነበራቸው ቅቤ፣ ስኳር፣ የስንዴ ዱቄት፣ የአጃ ዱቄትና ጥቂት ሻማ ነው። የሚሸጡት በገበያው ዋጋ ነበር። ዱቤ ብሎ ነገር የለም። ትርፉን ግን ለአባላቱ በገዙት ልክ መለሱላቸው። እኛ ጋ የማውረጃና የሻጭ ደመወዝ እንኳ ሳይደመር ዋጋ ይለጠፋል። የዱቤ መዝገባችንንስ ተዉት፣ አይነሳ።

«ጉድለት ካለ ሻጩ ሰርቋል»። አንዳንዴ እውነት ሰርቋል። ግን አንድ ቀን ሻጫችን አጠገብ በርጩማ ስቤ ተቀመጥኩ። 100 ኪሎ ጤፍ ተፈታ። አምስት አምስት ኪሎ ይመዝናል። ሚዛኑ ልክ ሲመጣ ገዢው «መርቅልኝ እንጂ!» ይላል። ልጁ አንድ እፍኝ ጣል ያደርጋል። ቀጣዩም «ለእኔስ?»። አሥራ ዘጠኝ ሰው እንዲህ ተስተናገደ። ሃያኛው ሲመጣ ማዳበሪያው ውስጥ የቀረው ሦስት ኪሎ ተኩል ብቻ። ከአንድ ኩንታል አንድ ኪሎ ተኩል በምርቃት ሄደ ማለት ነው። 40 ኩንታል ስትሸጡ 60 ኪሎ ነው። እሱን ጉድለት ኦዲተር ያገኘዋል፤ ስሙ የሚነሳው ግን የልጁ ነው።

ስለዚህ ማኅበር ልታቋቁሙ ያሰባችሁ፣ ቆጠራ በዓመት አንዴ አይበቃም። በየወሩ ቁጠሩ፤ ሻጩ ብቻውን አይቁጠር። ለብክነት ስንት እንደሚፈቀድ ቀድማችሁ በቃለ ጉባኤ ያዙ። ደረሰኝ ሳይቆረጥ ዕቃ አይውጣ፣ ለሊቀመንበሩ ሚስትም ቢሆን።

ያለፈው ሳምንት ማስታወቂያ ለጥፌያለሁ፦ ጠቅላላ ጉባኤ እሁድ ሦስት ሰዓት። ከስሩ አንድ ሰው በእስክሪብቶ «ዘይት አለ?» ብሎ ጽፎበታል። የለም።