ብስክሌትና ውሻ፦ ሁላችንም የሰማናቸው የተሳሳቱ ምክሮች እና እውነታው

አዲስ አበባ ውስጥ ሳይክል የሚነዱ ሰዎች ተሰብስበው ቡና ሲጠጡ ወሬው መጨረሻው ውሻ ላይ ነው። ልምምድ የሚወጣ ሰው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ መንገድ ላይ ይገኛል። ሰዓቱ ደግሞ የውሾች ነው። ቀን ሥጋ ቤት ደጃፍ ተዘርግተው የሚውሉት ውሾች ሌሊት የሰፈሩ ጌቶች ናቸው።

እኔ ከአያት ወደ ለገጣፎ በሚወስደው መንገድ ለዓመታት ተመላልሻለሁ። አንድ ቀን በውሻ ምክንያት ወድቄ የእጄ አንጓ ተሰበረ። ውሻው ግን በጥርሱ አልነካኝም። የጣለኝ ከሰው የሰማሁት ምክር ነው። ስለዚህ እነዚህን ምክሮች አንድ በአንድ ላንሳቸው።

«ፍጥነት ጨምረህ አምልጠው!»

ይህን ያልነገረኝ ሰው የለም። ያን ቀንም ያደረግኩት ይህንኑ ነው። ውሻው ከአንድ የቆርቆሮ አጥር ሥር ሾልኮ ወጣ። እኔ ከኮርቻው ተነስቼ ፔዳሉን መርገጥ ጀመርኩ። ዓይኔ ወደ ኋላ፣ ሳይክሉ ወደ ፊት። አስፋልቱ ላይ ያለውን ጉድጓድ አላየሁትም። መሬት ላይ ስዘረር ውሻው ቆመ። ትንሽ አየኝ፣ አሸተተኝና ወደ አጥሩ ተመለሰ።

ለምን ተመለሰ? ሩጫው ስላበቃ ነው። ውሻን የሚቀሰቅሰው ከፊቱ የሚሸሽ ነገር ነው። የሚሸሽ ነገር ሲያይ ማሳደድ ተፈጥሮው ነው። በዚያ ላይ ደጁን ያስከብራል። እናንተ በፍጥነት ስትርቁ እሱ ያባረራችሁ ይመስለዋል። ስለዚህ ነገም ይደግመዋል።

ፍጥነቱም አያዋጣም። መካከለኛ ቁመት ያለው ጤነኛ ውሻ ለአጭር ርቀት በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ይሮጣል። የእንጦጦን ዳገት በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር የሚገፋ ሰው እሱን አያመልጥም።

የሚሠራው ዘዴ ቀላል ነው፤ ግን ድፍረት ይፈልጋል። ቀስ በሉ። ውሻው ሳይደርስባችሁ ቁሙና ውረዱ። ሳይክሉን በእናንተና በውሻው መካከል አድርጉት። ዓይኑ ላይ አታፍጥጡ፤ ጀርባችሁንም አትስጡት። ከዚያ በወፍራም ድምፅ «ክላ! ሂድ!» በሉት። መጮህ አያስፈልግም፤ የሚጮህ ሰው ውሻውንም ያስጮኸዋል። ሳይክሉን እየገፋችሁ፣ ውሻውን በጎን እያያችሁ፣ ቀስ ብላችሁ ደጁን እለፉ። ብዙዎቹ ውሾች ሰው እግሩ መሬት ሲነካ ግራ ይገባቸዋል። አሁን ያባረሩት የነበረው እንግዳ ነገር ድንገት ሰው ሆነባቸው።

አንድ ሁኔታ ግን ይለያል። ቁልቁለት ላይ በፍጥነት እየወረዳችሁ ከሆነና ውሻው ከኋላ ከሆነ ድንገት ፍሬን አትያዙ። መሪውን በሁለት እጅ አጥብቃችሁ ቀጥ ብላችሁ እለፉ። ከኋላ ከሚከተለው ይልቅ ከፊት ጎማ ሥር የሚገባው ውሻ ነው አደገኛው። እሱን ለመሸሽ ወደ መኪናው መስመር መዞር ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው።

በቡድን የምትነዱ ከሆነ ይህንንም አስታውሱ። የፊተኛው ሰው ውሻውን ይቀሰቅሰዋል፣ የሚያገኘው ግን የኋለኛውን ነው። ከፊት ያለው እጁን አንስቶ «ውሻ!» ይበል፤ ሁሉም አብሮ ቀስ ይበል።

«አይዞህ፣ አይናከስም!»

የግቢው ጥበቃ ወይም ባለቤቱ በር ላይ ቆሞ የሚለን ነው። ሰውየው አይዋሽም። እሱንና ቤተሰቡን ነክሶ አያውቅም። ውሻው ግን የሚያውቀውን ሰውና በጎማ ላይ ተቀምጦ የሚያልፍን እንግዳ በአንድ ዓይን አያይም። ባለቤት «አይናከስም» ሲላችሁ «ያዝልኝ» በሉት፣ በትህትና። ውሻውን በስሙ ሲጠራው ብቻ እንኳ ብዙ ጊዜ ይመለሳል።

«የሚጮኽ ውሻ አይናከስም» የሚባለውም እንዲሁ ነው። ጩኸት ማስጠንቀቂያ ነው፤ ማስጠንቀቂያውን ካልሰማችሁት ሊነክስ ይችላል። ጭራውን የሚያወዛውዝም ሁሉ ወዳጅ አይደለም። ሰውነቱ ደርቆ፣ ጭራው ሽቅብ ቆሞ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ፣ የጀርባው ፀጉር ከተነሳ፣ ከንፈሩ ከተገለጠ ተጠንቀቁ።

«በእርግጫ በለው፣ በድንጋይ በለው»

ከፔዳል ላይ አንድ እግር ስታነሱ ሚዛናችሁ ይሄዳል። እግራችሁንም ወደ አፉ አቀረባችሁለት። እርግጫን ተዉት።

ድንጋይ ላይ ግን ልዩነት አለ። አገር ቤት ያደገ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ የእኛ ሰፈር ውሻ ሰው ጎንበስ ሲል ብቻ ይሸሻል። ድንጋይ የቀመሰ ስለሆነ። ከሳይክል ወርዳችሁ ጎንበስ ማለት ብዙ ጊዜ ይበቃል። መወርወሩ ነው ጉዳቱ። የተመታ ውሻ ነገ ሳይክል ሲያይ ሕመሙን ያስታውሳል፤ ቂሙን የሚወጣው ከእናንተ በኋላ በሚመጣው ተማሪ ላይ ነው። በግቢ ታስሮ የኖረና ያመለጠ ትልቅ ውሻ ደግሞ በጎንበስታ አይፈራም። እሱ ጋ ሳይክሉን ጋሻ ማድረግ ይሻላል።

ከኮዳ ውኃ ፊቱ ላይ መርጨት ይረዳል፤ ቆማችሁ ከሆነ ብቻ። ዳቦ እየወረወሩ ማለፍን አልመክርም። ውሻው ሳይክል ሲመጣ ምግብ መጣ ብሎ እንዲሮጥ ማስተማር ነው።

«ጭረት ናት፣ ምንም አትል»

እዚህ ላይ እባካችሁ ረጋ ብላችሁ አንብቡኝ። በአገራችን ብዙ ሰው የሚሳሳተውና ስህተቱ የማይመለሰው እዚህ ነው።

የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ ሞት አይቀሬ ነው ማለት ይቻላል። የዳኑት ሰዎች በዓለም ላይ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ሰው ላይ ከሚደርሰው ውስጥ እስከ 99 በመቶ የሚሆነው ከውሻ የሚመጣ ነው። ነገር ግን ከተነከሱ በኋላ ቶሎ ከታከሙ በሽታውን መከላከል ይቻላል። ክትባቱ የሚሠራው ምልክት ከመታየቱ በፊት ነው።

መጀመሪያ የሚደረገው ቤት ውስጥ ነው። ቁስሉን በሚፈስ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ማጠብ። ሰዓት እያያችሁ እጠቡት፤ 15 ደቂቃ ከምትገምቱት በላይ ይረዝማል። ልብስ ማጠቢያ ሳሙናም ይሆናል። ከዚያ አልኮል ወይም አዮዲን ካለ ይጨመራል። ነጭ ሽንኩርት፣ ፌጦ ወይም ቅጠል ቁስሉ ላይ መለጠፍ ግን ቫይረሱን አይገድልም። ጸበል መሄድ የሚፈልግ ይሂድ፤ ከጤና ጣቢያ በኋላ ወይም ጎን ለጎን ይሁን። ክትባቱን የሚያዘገይ ነገር ሁሉ አደጋ ነው።

ከዚያ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም። ደም ያላወጣ ጭረትም ቢሆን ክትባት ይፈልጋል። ቆዳ ተቀዶ ከደማ ደግሞ ከክትባቱ ሌላ ቁስሉ ውስጥ የሚወጋ መከላከያ መድኃኒት አለ። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትም ሳይጠየቅ አይታለፍ።

«ውሻው ጤነኛ ይመስል ነበር» የሚል ሰው ብዙ ነው። ቫይረሱ ምልክት ከመታየቱ ከቀናት በፊት ምራቁ ውስጥ ይገኛል። የታመመ ውሻ ሁሉ ለሃጩን እያዝረበረበ አይሮጥም፤ አንዳንዱ ዝም ብሎ ይደክማል፣ መንጋጋው ይላላል፣ መዋጥ ያቅተዋል። «ወር አለፈኝ፣ ምንም አልሆንኩም» ማለትም አያዋጣም። በሽታው አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ወር ተደብቆ ይቆያል። ከአንድ ሳምንት እስከ አንድ ዓመትም ሊሆን ይችላል።

ሰው ከሕክምናው የሚሸሽበት ሌላው ምክንያት «ሆድ ላይ በየቀኑ ይወጉሃል» የሚለው ወሬ ነው። ወሬው መሠረት አለው። ቀደም ሲል ከበግ አንጎል የሚዘጋጀው ክትባት ሆድ ላይ፣ በየቀኑ ለሁለት ሳምንት ያህል ይሰጥ ነበር። የዘመኑ ክትባት ግን ክንድ ላይ የሚሰጥ ነው። ብዙውን ጊዜ በአንድ ወር ውስጥ 4 ወይም 5 ቀጠሮ ነው። ቀጠሮ አታጓድሉ። አዲስ አበባ ውስጥ «ፓስተር» የምንለው ሰፈር ስሙ የመጣው እዚያ ከነበረው የፓስተር ኢንስቲትዩት ነው፤ የዛሬው የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ማለት ነው። ሉዊ ፓስተር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1885 በእብድ ውሻ የተነከሰን ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ የከተበው ሰው ነው።

«የነከሰው ውሻ ወዲያው ይገደል»

ንዴቱ ይገባኛል። ግን የነከሳችሁ ውሻ በሕይወት መቆየቱ ለእናንተ ይጠቅማል። ባለቤት ካለው ታስሮ ለ10 ቀን ይታያል። በ10 ቀን ውስጥ ጤነኛ ከሆነ፣ በነከሳችሁ ሰዓት በምራቁ ቫይረስ አልነበረም ማለት ነው። ሐኪሙም ክትባቱ ይቁም ወይስ ይቀጥል ብሎ ይወስናል። ክትባቱን ግን 10 ቀን ጠብቃችሁ አትጀምሩ፤ ዛሬውኑ ጀምሩ።

በጅምላ መግደልም በሽታውን ከከተማ አያጠፋም። የሞተው ቦታ ላይ ያልተከተበ ሌላ ውሻ ይመጣል። የሚሠራው ቢያንስ 70 በመቶ የሚሆኑትን ውሾች በየጊዜው መከተብ ነው። በባሌ ተራሮች ቀይ ቀበሮዎችን ደጋግሞ የጨረሰው ይኸው በሽታ ነው። እዚያም ቀበሮውን የማዳን ሥራ የሚጀምረው የገበሬውን ውሻ ከመከተብ ነው።

«ውሻ ነው፣ ማንን ትከሳለህ?»

መንገድ ላይ የምናየው ውሻ ሁሉ ባለቤት አልባ አይደለም። ብዙዎቹ ማታ በር ተከፍቶላቸው የሚወጡ ናቸው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ እንደሆነ ይናገራል። «አምልጦኝ ነው» ማለት ነፃ አያወጣም። ደረሰኝ፣ የሕክምና ወረቀት፣ የቁስሉን ፎቶ አስቀምጡ። እኔ ግን መጀመሪያ በሩን አንኳኳለሁ። ጎረቤት ከክስ ይልቅ በንግግር ቶሎ ይስተካከላል።

«አንዴ ከጠመደህ አይለቅህም»

እጄ ከዳነ በኋላ በዚያው መንገድ ተመለስኩ። የቆርቆሮው አጥር ጋ ስደርስ በየቀኑ ወርጄ እየገፋሁ አለፍኩ። ውሻው መጀመሪያ እየጮኸ እስከ አጥሩ ጥግ ይሸኘኝ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ከተኛበት ሆኖ መጮህ ጀመረ። ግንባታውን የሚጠብቁት አባት ስሙ ቡቺ እንደሆነ ነገሩኝ፤ እኔም «ቡቺ፣ ደህና አደርክ» እያልኩ ማለፍ ለመድኩ። አሁን የሳይክሌን ድምፅ ሲሰማ ጭንቅላቱን ቀና ያደርጋል፣ ያየኛል፣ መልሶ ይተኛል። እኔም አሁንም እዚያች አጥር ጋ ስደርስ ቀስ እላለሁ።