ሲታ የሚለው የሂንዱ ሴት ስም ትርጉሙ ምንድን ነው?

ሲታ በሳንስክሪት፣ በጥንታዊው የህንድ ቋንቋ፣ ትልም ማለት ነው፤ ማረሻ አፈሩን ሰንጥቆ ሲያልፍ የሚተወው መስመር። የአማርኛው ትልም ለዕቅድም ያገለግላል፤ የሳንስክሪቱ ግን ከእርሻ አይወጣም።

ቃሉ በጥንታዊው የሂንዱ መዝሙሮች ስብስብ በሪግ ቬዳ 4ኛ መጽሐፍ፣ 57ኛው መዝሙር ላይ ይገኛል። በዚያ ሲታ የምትለመነው ራሷ ትልሟ ናት፤ ቀርባ እንድትባርክና ፍሬ እንድትሰጥ። ስለ መንግሥት አስተዳደር በተጻፈው ጥንታዊ የህንድ መጽሐፍ በአርታሻስትራ ደግሞ የንጉሡ የእርሻ ሹም «ሲታድያክሻ» ይባላል፤ የትልም ሹም እንደ ማለት ነው።

ስሙን ያገነነው ግን ስለ ልዑል ራማ የሚተርከው የህንድ ታላቅ ግጥም ራማያና ነው። የሚቲላው ንጉሥ ጀናከ መሬት ሲያርስ ከትልሙ ሕፃን ብቅ አለች፤ ስሟም ሲታ ተባለ። አድጋ የራማ ሚስት ትሆናለች፤ በመጨረሻም ምድር ተከፍታ ትቀበላታለች።

ጃናኪ፣ ማይቲሊና ቫይዴሂ የሚሉት የሴት ስሞችም የእሷው ናቸው። አወጣጣቸው አንድ ሕግ አለው፤ የመነሻው ቃል የመጀመሪያ አናባቢ ይጠነክራል፣ መጨረሻው «ኢ» ይሆናል። ጀናከ ጃናኪን ይሰጣል (የጀናከ ልጅ)፤ ሚቲላ ማይቲሊን፤ የአገሩ ስም ቪዴሃ ደግሞ ቫይዴሂን። ቡሚጃ ከዚህ ሕግ ውጭ ነው፤ «ቡሚ» ምድር፣ «ጃ» የተወለደች።

ስሙን «ነጭ» ወይም «ቀዝቃዛ» ብሎ መፍታት ስሕተት ነው። ነጭ ማለት የሆነው ቃል «ኢ»ው አጭር ነው፤ የስሙ ረጅም ነው። ቀዝቃዛ የሚለው ደግሞ በ«ሰ» ሳይሆን ወደ «ሸ» በሚጠጋ ድምፅ ይጀምራል፤ በፊደላችን «ሺታ» ቢባል ይቀርባል፣ ከ«ሽታ» ጋር ካልተምታታ። «ሲታራ» የምትባለዋም ዘመዷ አይደለችም፤ ኮከብ ማለት የሆነ የፋርስ ቃል ናት። ሲታራም ተብሎ «ም» የራሱ የስሙ ፊደል ሲሆን ግን የወንድ ስም ነው፤ ሲታና ራም ተጣምረው፣ የሚስት ስም ቀድሞ።

ኢንዶኔዥያ ሲንታ፣ ታይላንድ ሲዳ ይሏታል። በኔፓሏ ጃናክፑር የራማና የሲታ ሠርግ በየዓመቱ ቪቫሃ ፓንቻሚ በተባለ በዓል ይከበራል። በሚቲላ አካባቢ ያሉ ብዙ ቤተሰቦች ግን በዚያ ቀን ልጃቸውን አይድሩም፤ ሲታ ከሠርጓ በኋላ ስደትና መለየት ደርሶባታልና።