የቻይናውያን ምስል በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአሜሪካ ሕዝባዊ ኅትመቶች

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ በአሜሪካ የታተሙ ሥዕላዊ መጽሔቶችና የማስታወቂያ ካርዶች ቻይናዊን የሚያስተዋውቁት በጥቂት የማይለወጡ ምልክቶች ነበር፤ እነርሱም በጀርባ የሚወርድ ረጅም ጉንጉን፣ ቀጫጭን ዓይኖች፣ የኦፒየም ፒፓ፣ የልብስ ማጠቢያ ገንዳና አይጥ ናቸው። ከዚያ በፊት የአውሮፓ የጌጥ ሥዕሎች ቻይናን የሻይና የጃንጥላ አገር አድርገው በለዘብታ ያሳዩ ነበር።

ከምልክቶቹ ሁሉ የጸናው ጉንጉኑ ነው። ሠዓሊዎቹ እንደ ተፈጥሮ ጠባይ ቢቆጥሩትም፣ ቻይናን የያዙት የማንቹ ገዢዎች በ1645 እ.ኤ.አ. የሕዝቡ አብላጫ በሆኑት በሃን ወንዶች ላይ በአዋጅ የጫኑት፣ እምቢ ያለውም በሞት ይቀጣበት የነበረ የተገዢነት ምልክት ነበር። ስለዚህ አገሩ ለመመለስ ያሰበ ሠራተኛ ጉንጉኑን እንዲሁ በቀላሉ ሊቆርጠው አይችልም ነበር።

በዚህ ረገድ በጣም የሚጠቀሰው በ1876 በሳን ፍራንሲስኮ የተመሠረተው «ዘ ዋስፕ» (ተርብ) ሳምንታዊ መጽሔት ነው። መሥራቾቹ የኮርቤል ወንድማማቾች የሲጋር ሳጥን ሠሪዎች ስለነበሩ በድንጋይ ኅትመት (ሊቶግራፊ) የተካኑ ነበሩ፤ ለየቀለሙ የተለየ ድንጋይ እያዘጋጁ ቀለሞቹን ሳያዛንፉ አንዱን በሌላው ላይ ማሳረፍ የሠለጠነ እጅ የሚጠይቅ ሥራ ነውና፣ ይዘቱ የቱንም ያህል ቢከፋ ሙያቸው የሚናቅ አይደለም። የመጽሔቱ ሠዓሊ ጆርጅ ፍሬድሪክ ኬለር ኅዳር 11 ቀን 1881 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሥዕል፣ ኒውዮርክ ላይ ገና ባልቆመው የነፃነት ሐውልት አምሳል፣ ቡትቶ የለበሰ ቻይናዊ በሳን ፍራንሲስኮ ወደብ ላይ አቆመ። ሰውየው አንድ እግሩን በራስ ቅል ላይ አሳርፏል፤ ከራሱ የሚወጡት ጨረሮች ደግሞ እድፍን፣ ብልግናን፣ በሽታንና የነጭ ሠራተኛን ውድቀት የሚናገሩ ቃላት ተጽፎባቸዋል። በመጋቢት 1882 እ.ኤ.አ. የወጣው ሌላ ሥዕል ባለ ብዙ እጅ ቻይናዊ ሥራውን ሁሉ ጠቅልሎ ሲይዝ፣ ነጭ ወጣቶች ሥራ ፈትተው ሲቆሙ ያሳያል። ቻይናውያን ሠራተኞች እንዳይገቡ የሚያግደው ሕግ የጸደቀው ከሁለት ወር በኋላ፣ ግንቦት 6 ቀን ነው፤ ሥዕሎቹ ለሕጉ መውጣት ምን ያህል አስተዋጽኦ እንዳደረጉ ግን ለመመዘን ያስቸግራል።

የአሜሪካዊው ሠዓሊ የቶማስ ናስት ሥራ ከዚህ ይለያል። በ«ሃርፐርስ ዊክሊ» መጽሔት የካቲት 18 ቀን 1871 እ.ኤ.አ. በወጣው ሥዕሉ፣ አሜሪካን የምትወክለው ኮሎምቢያ ተቆራምዶ የተቀመጠን ቻይናዊ ከሕዝብ ቁጣ ስትከላከል ትታያለች። አንዳንዶች ናስትን ያነሳሳው ለአይሪሾች (ከአየርላንድ ለመጡ ስደተኞች) የነበረው ጥላቻ ጭምር ነው ይላሉ፤ ይህ ምናልባት እውነት ሊሆን ቢችልም የሥዕሉን ድፍረት አይቀንሰውም።

ከመጽሔቶቹ ይልቅ ወደ ቤት የገቡት የማስታወቂያ ካርዶች ነበሩ። በ1886 የታተመ የልብስ ማጠቢያ ማስታወቂያ፣ አሜሪካን የሚወክለው አጎት ሳም ቻይናዊውን በእርግጫ ሲያባርር ያሳያል፤ «ቻይናውያን መሄድ አለባቸው» የሚለው የካሊፎርኒያ ሠራተኞች ፓርቲ መፈክርም ታክሎበታል። «ራፍ ኦን ራትስ» የተባለው የአይጥ መርዝ ካርድ ላይ ደግሞ ጉንጉን ያለው ሰው አይጥ በጅራቷ አንጠልጥሎ ወደ አፉ ሲያስጠጋ ይታያል፤ ከሥሩ «መሄድ አለባቸው» የሚል ጽሑፍ ሲኖር፣ የሚሄዱት አይጦቹ ይሁኑ ሰዎቹ ሆን ተብሎ አልተለየም። ብዙ ቤተሰቦች በነፃ የሚታደሉ የማስታወቂያ ካርዶችን ሰብስበው በአልበም ይለጥፉ ስለነበር፣ እንዲህ ያሉ ሥዕሎች ከአበባና ከድመት ግልገል ሥዕሎች ጎን ቦታ አገኙ።